ቀን ማለት ቀን ነው

ቤይሩት፣ ጥቅምት 12 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ሽብሩ፣ ኮንጋ።

የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋ ደጅዎን ሞልቶ ወደ ጓዳም ይግባ። እኔ በጸሎታችሁ ጤና ነኝ። እንሰቱ፣ ቡናው፣ ከብቱ እንዴት ከረመ? እናቴ ወርቂቱስ? ጉልበቷን እያመማት ወንዝ እንዳትወርድ ይከልክሉልኝ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ከእርስዎ ሌላ የሚያዛት የለም።

ወደዚህ ሲልኩኝ «የተማርከውን እየጻፍክ ላክ፤ እሑድ በጉባኤ እናስነብበዋለን» ብለውኝ ነበር። እነሆ ልጻፍ። ዘንድሮ ስለ ሕያዋን ፍጥረት እንማራለን። አስተማሪያችን ጸሎት የማያስታጉል ክርስቲያን ነው። ድንጋይ ውስጥ ተቀብረው የኖሩ አጥንቶች አሳየን። ፍጥረት ሁሉ ባንድ ጀምበር እንዳልቆመ፣ ለመቁጠር በሚያስቸግር ዘመን ውስጥ ቀስ በቀስ እየተለወጠ እንደመጣ አስረዳን። ሰውና ዝንጀሮም በጥንት ዘመን አንድ ግንድ እንደነበራቸው ነገረን። ዝንጀሮ ወለደን ማለቱ አይደለም፤ ዘመዳሞች ነን ማለቱ ነው።

መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ ሌሊቱን ስጸልይ አደርኩ። በኋላ ግን ፈጣሪ እንዲህ ባለ ትዕግሥት መሥራቱ ከበፊቱ ይልቅ አስገረመኝ። ተመርቄ ስመለስ ዲላ ላይ ልጆቻችንን ወንጌሉንም ይህንንም አስተምራለሁ።

የእናቴን ጉልበት ይሳሙልኝ።

ልጅዎ ይርጉ

*

ዲላ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለይርጉ።

ጌታ ጤና ይስጥህ፤ ልብም አብሮ ይስጥህ። እኔ ደህና ነኝ። ከብቱ ደህና ነው። ይህን የሚጽፈው ታረቀኝ ነው፤ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፈው የመንዝ ሰው። እንደምናገረው ጻፍ፣ አታሳምረው ብዬዋለሁ።

ደብዳቤህ እሑድ ተነበበ። እኔ የጉባኤው ሽማግሌ ነኝና ፊት ተቀምጫለሁ። የወንድሜ ልጅ ባሕር ማዶ ሆኖ ጻፈ ብዬ አዲሱን ጋቢ ለብሻለሁ። አንባቢው «ሰውና ዝንጀሮ ዘመዳሞች ናቸው» ያለ ጊዜ ከኋላ አንዱ ሳቀ። ከዚያ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። የሚያጠቡ ሴቶች ሳይቀሩ ሳቁ።

በገበያ ቀን ይርጋ ጨፌ ስወርድ አንድ የአሪቻ መንደር ሰው ከመንገድ ጠራኝ። አንድ ራስ በቆሎ ይዟል። «አባባ ሽብሩ፣ ይቺን ለዘመዶችዎ ያድርሱልኝ፤ ትናንት ማሳዬ ገብተው ሳይጠግቡ ነው ያባረርኳቸው» አለኝ። በቆሎውን ተቀብዬ በግንባሩ መታሁት። ግን ሳቁ አልቆመም።

ታረቀኝም ይህን ሲጽፍ ከንፈሩን ነክሶ ነው። «እኛ እንኳ ጸረ ማርያም አልናችሁ እንጂ የዝንጀሮ ዘር አላልናችሁም» ይለኛል። ይህንንም ጻፈው፣ ይወቀው።

እኔን ታውቀኛለህ። አባቴ የጥንቱን አምላክ ማጌኖን የሚለምንበት ዋንዛ ደጃችን ነበር። በተጠመቅኩ ዕለት በመጥረቢያ ጣልኩት። አባቴ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ያየኝ ነበር። እስኪሞት ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሰልኝም። አላለቀስኩም። አሁንም አላለቅስም። ግንዱን አስሰንጥቄ የጸሎት ቤቱን አግዳሚ አሠራሁበት፤ አንተ ተቀምጠህ ፊደል የቆጠርክበትን አግዳሚ። ይህን ሁሉ ያደረግኩት መጽሐፉ ሲገለጥ የመጀመሪያው ገጽ እውነት ነው ስላሉኝ ነው። አዳም ከአፈር፣ በስድስተኛው ቀን። አሁን አንተ የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ነው እንዲያ ነው ልትለኝ? እሱ ካልቆመ እኔ ያን ዛፍ ስለ ምን ጣልኩት?

ስለዚህ በፊርማህ ጻፍ። «አዳም በስድስተኛው ቀን ከአፈር ተፈጠረ፤ ቀን ማለት ቀን ነው፤ ያልኩትን ሽሬአለሁ» በል። አስነብበዋለሁ። የሳቀው ሁሉ አፉን ይይዛል። ነገሩ በዚያው ያልቃል።

እናትህ ሰላም ብላሃለች። ጉልበቷ እንደነበረው ነው።

አጎትህ ሽብሩ። የጣቴ አሻራ ይኸው።

*

ቤይሩት፣ ጥር 20 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

የሰማይ አምላክ ቁጣዎን አብርዶ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። በእኔ ጦስ ስለተሳቀብዎ ወድቄ ይቅርታ እለምናለሁ። እዚያ ብሆን እግርዎ ሥር ድንጋይ ተሸክሜ እንበረከክ ነበር።

መጽሐፉ ተሳስቷል ግን አላልኩም። አንዲት ቃል ብቻ ነው የምለው፤ ቀን የምትለዋን። ሐዋርያው ጴጥሮስ ራሱ በጌታ ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ነው ይላል። ደግሞም ፀሐይ የተፈጠረችው በአራተኛው ቀን ነው። ታዲያ ፀሐይ ሳትኖር ሦስቱ ቀን በምን መሸ፣ በምን ነጋ? አንዳንድ ቃል ላዩ ሌላ፣ ሥሩ ሌላ ነው፤ ላዩን ብቻ የያዘ ይስታል።

እንሰትዎንም ያስቡ። ጫካ ውስጥ የበቀለውና ጓሮዎ ያለው አንድ ናቸው? አባቶቻችን የሚሻለውን እየመረጡ፣ የማይረባውን እየነቀሉ ነው እዚህ ያደረሱት። ሰው በጥቂት ትውልድ ይህን ከቻለ፣ ዘመን ሁሉ የእሱ የሆነ አምላክ ከአፈር ጀምሮ ሰው ድረስ ቢያደርስ ክብሩ ይጨምራል እንጂ ይቀንሳል? አፈሩም እውነት ነው፣ እጁም እውነት ነው። እኔ ከሃዲ አይደለሁም።

ወረቀቱን መጻፍ ግን አልችልም። ብጽፈው ውሸት ነው። ውሸትን ደግሞ ያስጠሉኝ እርስዎ ነዎት። ልጅ ሆኜ ፍየሏን ቀበሮ በላት ብዬ የዋሸሁ ለት በርበሬ አፌ ውስጥ ከትተው «ሽብሩ ቤት ውሸት አያድርም» ያሉኝ እስከ ዛሬ ምላሴን ያቃጥለኛል።

እናቴን ይሳሙልኝ። ይህን ደብዳቤ ለእሷም ያስነብቡላት።

ልጅዎ ይርጉ

*

ዲላ፣ መጋቢት 14 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለይርጉ።

ጌታ ያንቃህ።

ቀን ማለት ፀሐይ ወጥታ እስክትገባ ነው። ሌላ ቀን አላውቅም። ቡና ለቃሚ የቀን ሠራተኛ ማታ ሲመጣ ሺህ ዓመት ሠርተሃል ብዬ ልክፈለው? እንሰቴንም አትንካብኝ። እንሰት እንሰት ነው የሚወልደው። እንሰት ተክዬ ጎመን ሆኖብኝ አያውቅም።

ደብዳቤህን በጉባኤ አስነበብኩት። ይሳቁበት ብዬ ነው፤ በእኔ የሳቁትን በአንተ እንዲስቁ። ጀመሩም። ያኔ እናትህ ተነሣች። ሴት በጉባኤ መካከል፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል። «ምን ያስቃችኋል?» አለች። «እግዚአብሔር ይህን አንድ ልጅ በሆዴ ሲሠራ ዘጠኝ ወር ፈጅቶበታል። ማታ ጀምሮ ጠዋት አልሰጠኝም። ታዲያ ዓለሙን በሙሉ ሲሠራ ዘመን ቢፈጅበት ምን ነውር አለው? እሱ እኮ ቸኩሎ አያውቅም» አለች።

ሳቁ ቆመ። አየህ፣ ያናደደኝ ይህ ነው። እኔ ስቆጣ ያልቆመ ሳቅ እሷ ስትናገር ቆመ። አንዳንዱም ራሱን ነቀነቀ።

ከጌታ እራት አገድኳት። ወረቀትህ እስኪመጣ ማኅበርተኛው አያነጋግራትም፤ ጎረቤትም እሳት አይሰጣትም። ወንድሜ ቢኖርም ይህንኑ አደርግ ነበር። ታረቀኝ ብዕሩን አስቀምጦ «አባባ ሽብሩ፣ ይህ እንኳ ቢቀር» አለኝ። «አንተ ጸሐፊ ነህ ዳኛ?» አልኩት። ጻፈ።

ኮንጋ ዘንድሮ ብርዱ ከፍቷል። ወረቀቱን ቶሎ ላክ።

አጎትህ ሽብሩ። አሻራዬ።

*

ቤይሩት፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

እግዚአብሔር ለእርስዎ ምሕረት እንዳደረገ ለእኛም ምሕረት ማድረግን እንዲያስተምርዎ እለምናለሁ።

የጻፍኩት እኔ፣ የምትቀጣው እናቴ? እኔን ይርገሙኝ፤ ስሜን ከማኅበሩ ያስፍቁ፤ የአባቴን ማሳ ይውሰዱ። እሷን ግን ይተዉልኝ። ያለ እሳት በዚያ ጭጋግ እንዴት ትኖራለች? ሰው ሁሉ የሚደገፍበት አለው ይላሉ፤ እሷ ያላት አንድ እኔ ነኝ።

ደግሞ በደብዳቤዎ መጨረሻ የእናቴ ሰላምታ የለም። ረሱት? ወይስ ታረቀኝ ዘለለው? እባክዎ አንዲት መስመር ስለ እሷ ብቻ ይጻፉልኝ። ምንም ይሁን፣ እውነቱን።

ወደ ዲላ በሚመለሱት የሚሲዮን ነርስ እጅ ሹራብ ልኬላታለሁ። ሰማያዊ ነው፤ ወፍራም። ከውስጥ እንድትለብሰው ይንገሯት።

ልጅዎ ይርጉ

*

ዲላ፣ ሐምሌ 30 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለይርጉ።

ሰላም ለአንተ ይሁን። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት ነው የዘገየሁት። ቡናው ዘንድሮ ጥሩ ፍሬ ይዟል። ጥቁሯ ላም ወለደች።

ሹራቡ ደርሷል።

ስለ እናትህ እውነቱን ጻፉልኝ ብለሃል። እውነቱን እጽፍልሃለሁ። ግንቦት ላይ ሳል ጠናባት። አሁን ተኝታለች። ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር አትጨቃጨቅም። እሑድ እሑድ ከጉባኤ ስመለስ በዚያ አልፋለሁ፤ አያታለሁ።

እገዳዋ ግን አልተነሣም። ወረቀትህን ብትልክ እዚያው በተኛችበት ሄጄ አስነብብላታለሁ። በዚያው ቀን እፈታታለሁ፤ ምእመኑም መጥቶ ይዘምርላታል። ካልላክህ እንደታገደች ትቀራለች። ነገሩ በእጅህ ነው። እኔ ቃሌን አላጥፍም።

ታረቀኝ ከራሱ አንድ ነገር ሊጨምር ፈልጎ ነበር። ወረቀቱን ነጠቅኩት። የእኔ ደብዳቤ ነው።

ሽብሩ። አሻራዬ።

*

ቤይሩት፣ ነሐሴ 28 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ደብዳቤዎ ዛሬ ገባ። አሸንፈዋል። ወረቀቱ ይኸው፦

«እኔ ይርጉ፣ አዳም በስድስተኛው ቀን ከአፈር መፈጠሩን አምናለሁ። ቀን ማለት ቀን ነው። ከዚህ በፊት ሰውና ዝንጀሮ ዘመዳሞች ናቸው ብዬ የጻፍኩትን ሽሬአለሁ። ለዚህም ፊርማዬን አኑሬአለሁ።»

ይህን ስጽፍ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፤ ግን ሰው ያየኝ ይመስል ፊቴን ሸፈንኩ። ወረቀቱን ለአስተማሪዬም አሳየሁት። አንብቦ መለሰልኝ፤ አልተቆጣም። «እናት አለችህ?» ብቻ አለኝ። አለችኝ አልኩት።

ከእንግዲህ ዲላ መጥቼ ለማስተማር አልችልም። በፊርማዬ ውሸት ያልኩትን ለልጆች እውነት ነው ብዬ፣ ወይም እውነት የመሰለኝን ደብቄ በምን አፌ ፊታቸው እቆማለሁ? ይሁን። እሷ ትዳንልኝ እንጂ ሌላ ሥራ አይጠፋም።

አሁን እሳት ይስጧት። በቃሬዛ አስይዘው ዲላ ሐኪም ዘንድ ያድርሱልኝ። ሲነበብላት እጇን ይያዙልኝ። ይርጉ ያደረገው ለአንቺ ነው ይበሏት።

ልጅዎ ይርጉ

*

ዲላ፣ ኅዳር 8 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለይርጉ።

ወረቀትህ ደርሷል፤ ጌታ ይባርክህ። ጽሕፈትህ ያምራል አሉ። እሑድ ተነበበ። ማንም አልሳቀም። የአሪቻውም ሰው እንዲሰማ አስጠርቼው ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

ከዚያ ምእመኑን አስከትዬ እናትህ የተኛችበት ሄድን። ከታችኛው ማሳ፣ ከአባትህ አጠገብ ነች። እንሰት ተክዬባታለሁ፤ ይዟል። አንባቢው ድምፁን ከፍ አድርጎ ወረቀትህን አነበበላት። እገዳውን አነሣሁ። ያሰርኳት እኔ ነኝ፤ የፈታኋትም እኔ ነኝ። ከዚያ ዘመርንላት። በተቀበረች ቀን አልተዘመረላትም ነበር፤ የታገደች ናትና።

የሞተችው ግንቦት ላይ ነው። ሳሉ ነው። አንዲት ጎረቤት ፍም ይዛ ገብታላት ነበር፤ ውጪ አልኳት፣ ወጣች።

አሁን እዚያ ሆነህ ዋሸኝ ትላለህ። አልዋሸሁም። ሽብሩ ቤት ውሸት አያድርም። ተኝታለች አልኩህ። በእኛ ጸሎት ቤት አማኝ ሲሞት ምን እንደሚባል አታውቅም? ጌታ ስለ አልዓዛር ሲናገር ተኝቷል ነው ያለው። ደቀ መዛሙርቱ እንደ አንተ እንቅልፍ መሰላቸው። አንተ የተማርከው፣ የቃልን ላዩንና ሥሩን ለይቼ አውቃለሁ ያልከኝ፣ አንዲቷን ቃል መፍታት አቃተህ? ቀን ሺህ ዓመት ከሆነ መተኛት ሞት ቢሆን ምን ይገርምሃል? በራስህ ትምህርት ነው የጻፍኩልህ። ላዩን ብቻ ያዝክ፤ ሳትክ።

ሞተች ብልህ ኖሮ ወረቀቱን አትልክም ነበር። እሷም ታግዳ ትቀር ነበር። ለዚህ ልታመሰግነኝ ይገባል።

ታረቀኝ እያለቀሰ ነው የሚጽፈው። የእሱ እናት አይደለችም። ወረቀቱን እንዳታርሰው ብዬዋለሁ።

መደበቅ አልወድምና የመጨረሻ ቃሏንም ልንገርህ። ሊነጋጋ ሲል ጠራችኝ። ገባሁ። «ይርጉ ያን ወረቀት እንዳይጽፍ ንገረው» አለችኝ። ይኸው ነገርኩህ።

ሹራቡን እኔ እለብሰዋለሁ። እጅጌው ይጠብበኛል እንጂ ይሞቃል።

ሽብሩ። አሻራዬ።

*

ዲላ፣ ጥር 17 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለይርጉ።

ጌታ ባለህበት ይጠብቅህ። ይህ ሁለት ዓመት ሙሉ ስጽፍልህ ከኖርኩት የመጨረሻው ነው። ስለ ቡናው ጻፍኩ፤ ዝም። ስለ አባትህ ማሳ ድንበር ጻፍኩ፤ ዝም። የሚሲዮኗ ነርስ አይታሃለች። የአንድ አርመን ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ትለካለህ አለች። ለዚህ ነበር የላክንህ?

ይህን የሚጽፈው ታረቀኝ አይደለም። እሱ «እጄ ዝሏል» ይለኛል። ለሌላው ሁሉ ግን ይጽፋል። ይህ አዲስ ልጅ ነው፤ ፊደሉ ይንጋደድብሃል።

ይቅርታ ልልህ አይደለም። ያደረግኩትን ዛሬም አደርገዋለሁ። ግን ደረቴን ይዞኛል፤ የእናትህ ሳል ነው። ልጅ እንደሌለኝ ታውቃለህ። ጎረቤት ቤቴ አይገባም። ውጪ ያልኳት ያቺ ፍም ይዛ የመጣች ሴት እንኳ በመንገድ ስታየኝ ወደ ሌላ ታያለች። ለወርቂቱ የዘመሩት ሰዎች ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ በምቀመጥበት አግዳሚ አይቀመጡም። የአባቴ ዋንዛ ላይ ብቻዬን እቀመጣለሁ።

አፈር የሚያለብሰኝ የራሴ ሰው አንተ ብቻ ነህ። እንግዳ እጅ እንዲቀብረኝ አልፈልግም። መቀበሪያዬን በወንድሜ በስተግራ መርጫለሁ፤ በቀኙ እናትህ ናት።

መቼ ትመጣለህ? እንዲያው እመጣለሁ አትበለኝ። ቀን ቁረጥልኝ። ያንን ቀን ይዤ እጠብቅሃለሁ።

አጎትህ ሽብሩ። የጣቴ አሻራ ይኸው።

*

ቤይሩት፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለሽብሩ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ቀን ቁረጥልኝ ብለኸኛል፤ ቆርጫለሁ።

አንድ ቀን እመጣለሁ።

ውሸት አልጽፍልህም፤ ያሳደግኸኝ አንተ ነህ።

ይርጉ